ከጋምቤላ ጅግጅጋ ስንት ሰዓት ነው?

ይድረስ ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን

ጉዳዩ፦ የአገር ውስጥ በረራ ርቀትና ሰዓት የሚነገርበትን መንገድ ይመለከታል

ካርታ ላይ ከጋምቤላ እስከ ጅግጅጋ ክር ቢወጠር ክሩ ቦሌን የሚስተው በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ቀጥታው የአየር ርቀት ወደ 930 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በአዲስ አበባ በኩል ሲኬድም ያው ነው፤ እስከ ቦሌ 475፣ ከዚያ ወዲያ 453 ገደማ። ስለዚህ በዚህ መስመር ላይ ጉዞው የሚረዝመው «ዙሪያ ጥምጥም ስለሆነ ነው» የሚባል ነገር የለም። ጎንደርና ላሊበላ ቢሆኑ እውነት ነበር፤ በመካከላቸው 180 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ በቦሌ ዞሮ ግን 750 ይሆናል።

ታዲያ ተጓዡ የሚሳሳተው የት ላይ ነው? መጀመሪያ ፍጥነቱ ላይ። ኢንተርኔት ላይ ያሉ ማስሊያዎች በአብዛኛው ርቀቱን ለትልቅ ጄት ፍጥነት፣ በሰዓት ለ850 ኪሎ ሜትር ያህል፣ አካፍለው «1 ሰዓት ከ5 ደቂቃ» ይላሉ። በአገር ውስጥ መስመር የሚበረው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን፣ ኪው400፣ ግን ቢበዛ 667 አካባቢ ነው የሚሄደው። በዚያ ላይ መንደርደሪያ፣ መውጫና መውረጃ አለ። አንዱ በረራ ብቻውን ከማቆሚያ እስከ ማቆሚያ ከ1 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ማይሉም ያሳስታል፤ ይኸው ርቀት በአየር ማይል (ኖቲካል ማይል፣ 1.852 ኪሎ ሜትር) 501 ነው፤ ይህን በየብስ ማይል (1.609 ኪሎ ሜትር) የቆጠረ ሰው 806 ኪሎ ሜትር ያገኛል፣ 120 ኪሎ ሜትር ተሰወረበት ማለት ነው።

ትልቁ ጉዳይ ግን ቦሌ ነው። ከበረራው 2 ሰዓት ቀድሞ መድረስ፣ 1፡10 በረራ፣ ቦሌ ላይ 3 ሰዓት ጥበቃ ቢኖር፣ ከዚያ 1፡05። ድምሩ 7 ሰዓት ከሩብ። በአየር ላይ የሚያልፈው ከሲሶው ያነሰ ነው። (በመኪና ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ አሁንም አውሮፕላኑ ይሻላል፤ እሱን አንከራከርም።)

ሁለቱ በረራዎች በአንድ ትኬት ካልተቆረጡ ነገሩ ይብሳል። ሻንጣው ቦሌ ላይ ይወርዳል፣ ባለቤቱ ተረክቦ እንደገና ቼክ ኢን ያደርጋል፤ የመጀመሪያው በረራ ከዘገየም ሁለተኛው አይጠብቀውም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ጋምቤላ ላይ ሻንጣው ላይ የሚታሰረው ወረቀት መድረሻው ጄ-አይ-ጄ፣ ማለትም ጅግጅጋ፣ መሆን አለበት። የአዲስ አበባ ምልክት ብቻ ካለበት ሻንጣው እዚያው ይቀራል።

ሰዓቱም አለ። ትኬት ላይ 07:30 የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 1፡30 ነው። ከቀኑ 7፡30 ብሎ የመጣ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ 6 ሰዓት አልፎታል።

የምንጠይቀው ትኬት ሻጭ ሁሉ ደረሰኙ ላይ እነዚህን በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ እንዲጽፍ መመሪያ እንዲወጣ ነው፦ ርቀቱን በኪሎ ሜትር፣ የእያንዳንዱን በረራ ጊዜ ከማቆሚያ እስከ ማቆሚያ፣ ቦሌ ላይ የሚጠበቀውን ሰዓት፣ ሻንጣው እስከ የት እንደተላከ፣ መነሻውንም በሁለቱም አቆጣጠር። አምስት መስመር ይበቃዋል፤ ደረሰኙ ግርጌ ላይ ቦታ አለ።