ቆሮሶ ብላችሁ አምባዛ ስላቀረባችሁልን

ለምግብ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ
ሀዋሳ

ጉዳዩ፦ ያላዘዝነው ዓሣ ስለመቅረቡና ቅሬታ ስናቀርብ ስለተሰጠን መልስ

ጤና ይስጥልኝ።

በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አክስቴንና ልጆቻቸውን ይዤ ሐይቁ ዳር ያለው ቤታችሁ ለምሳ መጥቼ ነበር። ሜኑው ላይ «የቆሮሶ ኮተሌት» ይላል። እሱን አዘዝን። አስተናጋጁንም «ቆሮሶ ነው አይደል?» ብዬ ደግሜ ጠይቄዋለሁ። «አዎ፣ ቆሮሶ ነው» አለኝ። የቀረበልን ግን አምባዛ ነው።

ይሄን ደብዳቤ የምጽፈው ምግቡ ስላልጣፈጠኝ አይደለም። አክስቴ አምባዛ ስለማይበሉ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅርፊት የሌለው ዓሣ ቀምሰው አያውቁም። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ላይ በውኃ ውስጥ ካለው ሁሉ ክንፍና ቅርፊት ያለውን ብሉ፣ የሌለውን አትብሉ የሚለውን ይዘው የኖሩ ሰው ናቸው። እንደሳቸው ያለ ሰው በየቤቱ አለ። ቆሮሶ ቅርፊት አለው፣ አምባዛ የለውም፤ ሀዋሳ ላይ ዓሣ የሚሸጥ ሰው ይሄን አያውቅም ብዬ አልገምትም። ለናንተ የዋጋና የአቅርቦት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ለሳቸው የእምነት ጉዳይ ነው።

እንዴት እንዳወቅኩ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሱፐርቫይዘራችሁ «አንቺ በምን አወቅሽ?» ብለውኛል። ሳህኑ ሲመጣ መጀመሪያ ዓይኔ የገባው ውፍረቱ ነው። የኛ ሐይቅ ቆሮሶ ሥጋው ተገፎ ሲነሳ ከመዳፍ ብዙም አይበልጥም፣ ስስ ነው፣ ወደ ጠርዙ ደግሞ እየሳሳ ይሄዳል። የናንተ ኮተሌት ረጅም ነበር፣ ከጫፍ እስከ ጫፍም ወፍራም ነበር። ላዩ ላይ ያለውን የዳቦ ዱቄት በሹካ ገለጥ አደረግኩት። ቆሮሶ ሲበስል ነጭ ይሆናል፣ ሹካ ሲነካው በንብርብሩ እየለቀቀ ይነሳል። ይሄኛው አልለቅም አለ። ቅባታም ነው፣ ወደ ግራጫ የሚያደላ ነው፣ መሀሉ ላይ ጠቆር ያለ ቀይ መስመር ሄዶበታል። ቀመስኩት። ያቺ በደንብ ሎሚ ያላገኘ አምባዛ የምታመጣው የጭቃ ሽታ አለች። ቀና ስል አክስቴ እያኘኩ ነበር።

ምን እንደምል ጨነቀኝ። ግን ዝም ማለት አልቻልኩም፣ ነገርኳቸው። ሹካቸውን አስቀመጡ። አፋቸውን በሶፍት ጠረጉ። ከዚያ በኋላ ውኃ እንኳን አልጠጡም።

አስተናጋጁን ጠራሁት። ልጁ ደነገጠ፣ ወጥ ቤት ገብቶ ትንሽ ቆየና ሱፐርቫይዘሩን ይዞ መጣ። ሱፐርቫይዘራችሁ መጀመሪያ «ቆሮሶ ነው» ብለው ድርቅ አሉ። ሥጋውን ሳሳያቸው «ዛሬ ቆሮሶ አልገባልንም» አሉ። ይሄ ማለት ገና ስናዝዝ ያውቁ ነበር ማለት ነው። ይቅርታ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ «እህቴ፣ ዓሣ ያው ዓሣ ነው፣ ምን አካበድሽው?» አሉኝ። ጎረቤት ጠረጴዛ ያሉ ሰዎች ዞረው ያዩናል። አክስቴ አፈሩ። ምንም ሳያጠፉ አፈሩ። «ተይ ልጄ፣ ተነሺ እንሂድ» አሉኝ። ሙሉውን ሒሳብ ከፍለን ወጣን።

ባጃጅ ውስጥ ሆነን አንድ ነገር ጠየቁኝ። «ባለፈው ለፋሲካ ስመጣ እዚሁ ቤት የበላሁትስ?» አሉ። መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም። መልሱ ያለው እናንተ ጋ ነው።

አሁን ወደዚያች «ዓሣ ያው ዓሣ ነው» ወደምትለው ነገር ልመለስ፣ ምክንያቱም እሷ አልዋጥ ብላኛለች። እኔ ዓሣ የምወድ ሰው ነኝ። በልቶ መሄድ ብቻ አይደለም፣ መግዛቱንም፣ መሥራቱንም፣ ሰው ሰብስቦ ማብላቱንም እወዳለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ከሀዋሳ ካልወጣሁ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው ነኝ። ጀልባዎቹ ይገባሉ፣ ልጆቹ በዚያች ቀጭን ቢላቸው ዓሣውን ሲገፉት ዓይን አይከተላቸውም፣ አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ ደግሞ አንጀትና ጭንቅላት እስኪወረወርላቸው ከሰው አጠገብ ቆመው ይጠብቃሉ። እዚያ ገበያ ላይ ዓሣ ያው ዓሣ ነው የሚል ሰው የለም። ሻጩ ራሱ «ቆሮሶ ነው አምባዛ የምትፈልጊው?» ብሎ ነው የሚጀምርሽ። ዋጋውም አንድ አይደለም፣ ቆሮሶ ይወደዳል። እኔም ቆሮሶ ስገዛ ጉንጩን ገልጬ ውስጡ ቀይ መሆኑን፣ ዓይኑም አለመደፍረሱን ሳላይ ገንዘብ አላወጣም።

ቤት ስገባ ደግሞ የሁለቱ አሠራር ለየቅል ነው። ቆሮሶውን ሙሉውን ጎንና ጎኑን ሸንተር ሸንተር አድርጌ፣ ጨውና ሎሚ አሽቼ፣ ትንሽ አቆይቼ፣ ዘይቱ በደንብ ሲግል እለቀዋለሁ። ብዙ ቅመም አይፈልግም። ጎኑ ላይ ዳጣ ካለ፣ አንድ ክንድ ቆጮ ወይ ትኩስ ዳቦ ካለ፣ አለቀ። እሾሁን እየለቀሙ ቀስ ብሎ ነው የሚበላው፣ ጨዋታም ያለው እዚያ ላይ ነው። አምባዛ ግን እንደዚያ አይሆንም። ቆዳውን እዚያው ገበያ አስገፍፌ፣ ቤት አምጥቼ በሎሚና በጨው ደጋግሜ አጥበዋለሁ፣ ያ የሚያሟልጨው ነገርና የጭቃ ሽታው እስኪለቅ። ከዚያ ወጥ ነው። ሽንኩርቱ በደንብ ቁላ ቁላ ይደረጋል፣ በርበሬው ይበስላል፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይገባል፣ ዓሣው የሚጨመረው መጨረሻ ላይ ነው። ቆሮሶ ወጥ ውስጥ ከቆየ ይበታተናል፣ አምባዛ ቅርፁን ይዞ ይቆያል። ለዱለትም ቢሆን እኔ አምባዛን አስበልጣለሁ፤ ደቅቆ ተከትፎ፣ ቃሪያና ቀይ ሽንኩርት ገብቶበት፣ ሚጥሚጣና ኮረሪማ ነስነስ ተደርጎበት፣ ቅባቱ ራሱ ያጣፍጠዋል።

ይሄን ሁሉ የማወራው አምባዛን ንቄ እንዳልሆነ እንድታውቁልኝ ነው። አምባዛ ብላችሁ ብታቀርቡልኝ እኔ ደስ ብሎኝ እበላለሁ። ሜኑአችሁ ላይ «የአምባዛ ኮተሌት» ብላችሁ ዋጋውን በልኩ ብታደርጉት የሚያዝዝ ሰው አታጡም። እሾህ የማይወድ ሰው፣ ልጅ ይዞ የሚመጣ ሰው፣ ወፍራም ሥጋ የሚፈልግ ሰው ያዝዘዋል። የሚደበቅ ነገር የለውም። እናንተ ግን ስሙን ደበቃችሁት። በዳቦ ዱቄት ተሸፍኖ የሚመጣ ምግብ ላይ ደንበኛው የሚያምነው ስሙን ብቻ ነው፤ ሙሉ ጥብስ ቢሆን ኖሮ ጭንቅላቱን ወይ ሪዙን አይተን እንለየው ነበር። ኮተሌት፣ ጉላሽና ዱለት ላይ ይሄ ዕድል የለንም።

ቆሮሶ እንደድሮው እንደማይገኝም አውቃለሁ። ዓይኑ ጠባብ በሆነ መረብ ያልደረሰው ሁሉ እየተጠረገ ነው፣ ገበያ ላይ የሚታየውም ትንንሽ ነው። ጾም ሲሆን ደግሞ ፈላጊው ይበዛል፣ ዋጋው ይሰቀላል። አንዳንድ ቀን ጭራሽ ላይገባላችሁ ይችላል። ይሄ ይገባኛል፣ ማንም ይገባዋል። «ዛሬ ቆሮሶ የለም፣ አምባዛ አለ» ብትሉን ኖሮ አክስቴ ሽሮ ያዝዙ ነበር፣ እኔ ኮተሌቱን እበላ ነበር፣ እየተጫወትን ሐይቁን እያየን ቡና ጠጥተን እንወጣ ነበር። ለዚህ አንድ አረፍተ ነገር ነው የሚበቃው።

የሕጉንም ነገር ላንሳ። በ2006 ዓ.ም የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 813/2006፣ ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። በትህትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብትም እዚያው ተጽፏል። እሁድ ዕለት ሁለቱንም አላገኘንም። ዓይነቱን ዋሻችሁን፣ ስንጠይቅ ደግሞ ሰው ፊት አሳፈራችሁን።

ይሄን የምለው ደግሞ ቤታችሁን ጠልቼ አይደለም። ከአዲስ አበባ እንግዳ ሲመጣብኝ ፍቅር ሐይቅ አካባቢ አንሸራሽሬ ምሳ የማበላው እናንተ ጋ ነበር። የዓሣ ሾርባችሁ ጥሩ ነው። ዳጣችሁ የቤት ዳጣ ነው፣ የሚሠሩትን እናት አመስግኑልኝ። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ልጆቹም ሰው አክባሪ ናቸው። ለዚህ ነው ዝም ብዬ ሌላ ቤት ከመቀየር ቁጭ ብዬ የምጽፈው።

የምፈልገው ይሄ ነው። ከሁሉ በፊት ለአክስቴ ደውላችሁ ይቅርታ ጠይቁልኝ። አሁን አዳማ ቤታቸው ተመልሰዋል፣ ስልካቸውን በግል እሰጣችኋለሁ። የሚደውለው ኃላፊ ይሁን፣ ሰበብ ሳያበዛ በአግባቡ ይቅርታ ይጠይቅ። ለፋሲካ የበሉት ምን እንደነበረም የምታውቁ ከሆነ እውነቱን ንገሯቸው፣ ከመጠራጠር ማወቅ ይሻላቸዋል። ሁለተኛ፣ የአራቱን ኮተሌት ሒሳብ መልሱልኝ። ይሄን ስል ግን አደራ የምላችሁ ነገር አለ፤ ገንዘቡን ከአስተናጋጁ ልጅ ደሞዝ እንዳትቆርጡ። ልጁ ወጥ ቤት የነገሩትን ነው የነገረኝ፣ ሲደነግጥም አይቼዋለሁ። የዓሣው ግዢና የሜኑው ጉዳይ የሱ ሥራ አይደለም። ቢቆረጥበት የተመለሰልኝ ገንዘብ እጄ ላይ ይቀፈኛል፣ ስለዚህ ከሱ የምታመጡት ከሆነ ጭራሽ ይቅርብኝ።

ሜኑውንም አስተካክሉት። ኮተሌት፣ ጉላሽ፣ ዱለት፣ ፊሌቶ ሲባል የትኛው ዓሣ እንደሆነ አጠገቡ ይጻፍ። ቆሮሶ ባልገባ ቀን አስተናጋጆቹ ጠዋት ይነገራቸው፣ ደንበኛው ሳያዝዝ በፊትም ይንገሩት። አንድ ጥያቄም አለኝ፣ ቆሮሶውንና አምባዛውን በአንድ ዘይት ነው የምትጠብሱት? እንደ አክስቴ ላለ ሰው ይሄም ለውጥ አለው። መለየት የማትችሉ ከሆነ መለየት አንችልም በሉ፣ ሰው ራሱ ይወስናል።

ሱፐርቫይዘሩን አባርሩ አልልም፣ እንጀራቸው ነው። ግን «ምን አካበድሽው» የሚለውን ቃል ለሌላ ደንበኛ እንዳይደግሙት አስጠንቅቁልኝ።

የሒሳቡን ደረሰኝ፣ የሜኑውን ፎቶና ሹካ ላይ ያለውን ሥጋ ያነሳሁበትን ፎቶ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። መልሳችሁን እስከሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ እጠብቃለሁ። እስከዚያ ካልመለሳችሁልኝ ይሄንኑ ደብዳቤ ከነፎቶው ይዤ ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ።

ደንበኛችሁ
ሀዋሳ