አልቅሰን ነው የተጽናናነው

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፤

ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ በቅርቡ በአንባቢያን ዓምድ ላይ የወጣ አንድ አስተያየት ነው። ጸሐፊው ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ስለሞተበት የክርስቲያኖች ጉባኤ አንሥተው፣ «ትንሣኤን የሚያምን ሰው ይህን ያህል ማልቀስ አልነበረበትም» ይላሉ። በክፋት እንዳልጻፉት አምናለሁ። ነገር ግን ይህችኑ ቃል እኔና ወዳጆቼ በከባዱ ጊዜያችን ደጋግመን ሰምተናታል፤ ያውም ከሚወዱን ሰዎች አፍ። አላጽናናችንም። እንባችንን እንደ ክህደት እንድንቆጥረው አደረገችን እንጂ።

የደረሰብንን በአጭሩ ልናገር። የመዘምራን ማኅበራችን አባላት ከአገልግሎት ሲመለሱ በመኪና አደጋ 7 ሰዎች በአንድ ምሽት ሞቱብን። እኔ ታምሜ ስለነበር ከጉዞው ቀርቻለሁ። ከእነርሱ ጋር 11 ዓመት ሙሉ በአንድ ረድፍ ቆሜ ዘምሬአለሁ፤ ከአንዷ ጋር የመዝሙር ደብተር እንጋራ ነበር።

አንድ ቤት ሲያዝን ሌላው ቤት መጥቶ ያጽናናል። እኛ ዘንድ ግን አጽናኙም ሐዘንተኛ ሆነ። የቀብሩን ጸሎት የመሩት አገልጋይ ከሟቾቹ መካከል የእኅታቸውን ልጅ እየቀበሩ ነበር። ማን ወደ ማን ሄዶ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ይበል? የማኅበረሰብ ሐዘን ትልቁ ክብደት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ የምትደገፍበት ትከሻ ሁሉ እየተንቀጠቀጠ ነው።

ያን ሰሞን የዮሐንስን ወንጌል 11ኛ ምዕራፍ እንደ አዲስ አነበብኩት። አልዓዛር ሞቶ አራት ቀን ሆኖታል። ማርታና ማርያም ለኢየሱስ የተናገሩት ቃል አንድ ነው፤ አንተ እዚህ ብትኖር ኖሮ ወንድሜ ባልሞተ ነበር። ልናለሳልሰው ብንሞክርም ወቀሳ ነው። ለማርታ በቃል መለሰላት፤ «ትንሣኤና ሕይወት እኔ ነኝ» አላት። ማርያም እግሩ ሥር ወድቃ ያንኑ ስትደግምለት ግን ትምህርት አልሰጣትም። እርሷም አብረዋት የመጡትም ሲያለቅሱ አየ፣ በመንፈሱ ታወከ፣ የት እንዳኖሩት ጠየቀ። ከዚያም፣ «ኢየሱስም እንባውን አፈሰሰ»። ጥቂት ቆይቶ አልዓዛርን ከመቃብር ሊጠራው ነው፤ ይህን እያወቀ ነው ያለቀሰው። ትንሣኤን ከማንም በላይ የሚያውቀው ካለቀሰ፣ እኛ በየትኛው እምነታችን ነው እንባ የምንከለክለው? ደግሞም ለሁለቱ እኅትማማቾች የሰጠው መልስ የተለያየ መሆኑን ከዚያ በፊት ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። አንዷ ቃል ያስፈልጋት ነበር፤ አንዷ አብሯት የሚያለቅስ።

በብዛት የሚጠቀስብን ግን የጳውሎስ ቃል ነው፤ «ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች ደግሞ እንዳታዝኑ»። ከዚህ ውስጥ ሰው ጆሮ ላይ የምትቀረው «እንዳታዝኑ» የምትለዋ ብቻ ናት፤ ከፊቷ ያለው ይረሳል። ጳውሎስ ሐዘንን አልከለከለም፤ ተስፋ ያለውን ሐዘን ተስፋ ከሌለው ለየው። የተሰሎንቄ ክርስቲያኖች ካመኑ ገና ብዙ ያልቆዩ ነበሩ። ከመካከላቸው የሞቱ አሉ፤ ጌታ ሲመጣ እነዚያ እንዴት ሊሆኑ ነው ብለው ተጨንቀዋል። ማለትም እርሱም የጻፈው እንደ እኛ ወዳጆቹን ላጣ ጉባኤ ነው። ክፍሉን የዘጋውም «ስለዚህ እርስ በርሳችሁ በዚህ ቃል ተጽናኑ» ብሎ ነው። እርስ በርሳችሁ። እያንዳንዱ በየቤቱ በሩን ዘግቶ እንዲጽናና አላዘዘም።

የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን መምህር አውግስጢኖስም እናቱ ሞኒካ በ387 እ.ኤ.አ. በሮም አጠገብ ባለችው ኦስትያ ስትሞት እንባውን በግድ አምቆ ነበር፤ በእምነት ለሞተች ሴት ማልቀስ አይገባም ብሎ። ከቀብሩ በኋላ ግን ብቻውን ሲሆን አለቀሰ፤ በዚያ የሚነቅፈው ሰው ቢኖር እንዳይስቅበትም ለመነ። ይህን ሳነብ እፎይ አልኩ።

ስለ «ለምን» ብዙ አልጽፍም። በሰሊሆም ግንብ ተንዶ 18 ሰዎች ሲሞቱ ኢየሱስ እነርሱ ከሌላው ሰው ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ በግልጽ ተናግሯል። ይህ እያለ አሁንም በሰው ሞት ላይ ምክንያት የሚፈልጉ አሉ፤ የጉዞው ቀን፣ የተረሳው ጸሎት፣ የአንዱ የተሰወረ ኃጢአት። ልጇን ለቀበረች እናት እንዲህ ያለ ነገር ሲነገር በጆሮዬ ሰምቼአለሁ። እባካችሁ ይቅር።

ሰቆቃወ ኤርምያስ ስለ አንድ ሰው ሞት የተጻፈ አይደለም፤ የምታለቅሰው ኢየሩሳሌም ናት፣ ከተማዋ በሙሉ። «ያልጠፋነው ከእግዚአብሔር ምሕረት የተነሣ ነው» የሚለውን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ይህ ቃል የሚገኘው ግን ከአምስቱ ምዕራፎች በሦስተኛው ነው፣ መካከል ላይ። ከእርሱ በኋላ ልቅሶው እንደገና ይቀጥላል፤ መጽሐፉ ሲያልቅም እግዚአብሔር ፈጽሞ ጥሎን ይሆን የሚለው ጭንቀት ገና አልለቀቀም። መዝሙር 88ም (በግዕዙ አቆጣጠር 87) በጩኸት ጀምሮ በጨለማ ያልቃል። እነዚህን ጸሎቶች ከመጽሐፉ ያወጣቸው የለም። ለእኛም በዚያ ሰሞን አፍ የሆኑልን እነርሱ ናቸው።

ከአደጋው በኋላ በመጀመሪያው እሑድ ቆመን መዘመር ነበረብን። ረድፉን ሳናስጠጋ የ7ቱን ቦታ ክፍት ተውነው። መሪያችን እጁን አነሣ፤ ከማንኛችንም ድምፅ አልወጣም። ደግሞ አነሣ፤ ምንም። እንዴት ያለ ዝምታ እንደነበረ መናገር አልችልም። ከዚያ ከኋላ መቀመጫ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ያለ መሣሪያ፣ ከዜማው ትንሽ ወጣ ባለ ድምፅ ጀመሩት። አጠገባቸው ያሉት ተቀበሏቸው፣ ቀጥሎም ቤቱ በሙሉ። ለዘመናት ስንዘምርለት የኖርነው ጉባኤ ያን ቀን ለእኛ ዘመረልን፤ እኛ ቆመን አለቀስን።

በማርቆስ ወንጌል አራት ሰዎች ተሸክመው ስላመጡት ሽባ ሲነገር፣ ኢየሱስ «እምነታቸውን አይቶ» ይላል። የተሸካሚዎቹን እምነት! ስለ ሽባው እምነት የተጻፈ ነገር የለም። እኔ ወደ ሦስት ወር ገደማ መጸለይ አቅቶኝ ነበር። ተንበርክኬ ቃል አይመጣልኝም። ያን ጊዜ ያኖረኝ የሌሎች እምነት ነው፤ በተራዬ ደግሞ ሌላውን ተሸክሜአለሁ። በ381 እ.ኤ.አ. በቁስጥንጥንያ ጉባኤ የጸደቀው የሃይማኖት ጸሎት «የሙታንንም መነሣት ተስፋ እናደርጋለን» ይላል፤ «አደርጋለሁ» አይልም። እኔ ማለት ባቃተኝ ቀን ከጎኔ የቆመው ስለ እኔም ብሎልኛል።

ስለ አንድ ወጣት ሳልነግራችሁ አላበቃም። ከአደጋው ከተረፉት አንዱ ነው። ወደ መስኮቱ ተደግፎ ሊተኛ ስለፈለገ በመንገድ ላይ ከአንዲት እኅት ጋር መቀመጫ ተቀያይረው ነበር። እርሷ ሞተች፤ እርሱ ተረፈ። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ይመጣና አይገባም፤ ደጅ ላይ ቆሞ ሰምቶ ሰው ሳይወጣ ይሄዳል። ጥፋተኛ እንዳልሆነ ያልነገረው ሰው የለም፤ ንግግር አላስገባውም። በአራተኛው እሑድ የዚያች እኅት ባል፣ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፣ በመዝሙሩ መካከል ከመቀመጫቸው ተነሥተው ወጡ። ሁላችንም ደነገጥን። ሄደው አጠገቡ ቆሙ፤ እስከ መጨረሻው። በሚቀጥለውም እሑድ እንዲሁ። በሦስተኛው ሁለት ወንበር ይዘው ወጡ።

በኋላ፣ «ጋሼ፣ ምን ብለው አናገሩት?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ምንም» አሉኝ። «ምን እለዋለሁ? እዚያ የሚቆመው በእኛ ሐዘን ነው። ብቻውን መቆም የለበትም።»

የኢዮብ ወዳጆች መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት በምድር ተቀምጠዋል። የተሳሳቱት አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ነው።

አስተያየቱን የጻፉትን ሰው አንድ ነገር ልለምናቸው። እንዲህ ያለ ጉባኤ ካጋጠማቸው ስለ ትንሣኤ ይንገሩን፤ ቃሉን እንወደዋለን፣ ያለ እርሱ አንኖርም። 7ቱን ዳግመኛ እናያቸዋለን ብዬ አምናለሁ፤ ሌሊት እንቅልፍ የሚያስወስደኝ ይህ ነው። ግን ከመናገራቸው በፊት ይቀመጡ፤ እንባችንንም አያስቆሙን። እናንተም ጋዜጠኞች በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ መጥታችሁ አትቅሩ። በአምስተኛው ወር ሰው ሁሉ ወደ ኑሮው ሲመለስ፣ ያን ጊዜ ኑና ጠይቁን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ዓመት ይሆናቸዋል። ስማቸውን በየተራ እየጠራን፣ ከእያንዳንዱ ስም በኋላ ሟቹ ይወደው ከነበረው መዝሙር ጥቂት እንዘምራለን። መቀመጫ የተቀያየረችውን እኅት መዝሙር የሚያነሣው ያ ወጣት ነው፤ እንዲያነሣ የጠየቁት ባሏ ናቸው። ድምፁ ከተቋረጠበት እኛ እንቀበለዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመዘምራን ማኅበር አባል