ቅዳሜ ገመድና ፑሊ እንፈትሻለን

ሰላም የዛፍ ቆረጣ ቡድናችን አባላት፣

ቅዳሜ ጠዋት 2፡30 ሽሮ ሜዳ ዕቃ በምናስቀምጥበት ግቢ ተገናኝተን የግንድ ማውረጃ ዕቃዎቻችንን አንድ በአንድ እናያለን። እስከዚያ ግንድ በገመድ የማውረድ ሥራ የለም። ቀጠሮ የያዛችሁ ለባለቤቶቹ ደውሉላቸው።

ምክንያቱን ታውቃላችሁ። ማክሰኞ ባሕር ዛፍ ስናወርድ ፑሊው (የማውረጃው ገመድ የሚያልፍበት ተሽከርካሪ ጎማ) የታሰረበት ገመድ ተበጠሰና ግንዱ አጥር ላይ ወደቀ። ተመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። ግን ትንሽ ቀደም ብሎ አንዱ ልጃችን እዚያው ቆሞ ነበር። እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

የተበጠሰውን ገመድ አየሁት። ከውጭ ደህና ይመስላል፣ ውስጡ ግን በመጋዝ ብናኝና በአሸዋ ተበልቷል። ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ 100 ኪሎ ግንድ በፑሊ ስናንጠለጥል በአንድ በኩል ግንዱ ይጎትታል፣ በሌላ በኩል እኛ ከታች እንጎትታለን። ስለዚህ ፑሊው የታሰረበት ገመድ ላይ ወደ 200 ኪሎ ያርፋል። ግንዱ ትንሽ ወርዶ ድንገት ከተያዘ ደግሞ ከዚያም በብዙ ይበልጣል። ቋጠሮ ያለበት ቦታም ሁልጊዜ ከሌላው ይደክማል።

ገመድ፣ ፑሊ፣ ካራቢነር (ገመድ የምናያይዝበት የብረት ቀለበት)፣ ቀበቶና ሄልሜት ይዛችሁ ኑ። ቤት ያስቀመጣችሁት አሮጌ ገመድም አይቅር። የደረቀውን፣ የቀለጠውን፣ ሲዳሰስ የሳሳውን እዚያው ቆራርጠን እንጥላለን። ለአዲስ መግዣ ስንት እንደምናዋጣም እንወስናለን።

እስከ ሐሙስ ማታ «እመጣለሁ» ወይም «አልችልም» ብላችሁ ጻፉልኝ። የማትመጡ ዕቃችሁን በሰው ላኩ።