ግልጽ ደብዳቤ፦ ልሳነ ምድርን ከጣርማ በር አፋፍ ላይ ስለማስተማር

ለትምህርት ሚኒስቴር የሥርዓተ ትምህርት ዝግጅት ክፍል፣

በሰሜን ሸዋ የጂኦግራፊ መምህር ስሆን፣ ባሕር አይተው ለማያውቁ ልጆች ስለ ልሳነ ምድር በምናስተምርበት መንገድ ላይ አንድ ጥያቄ አለኝ። ተማሪዎቼ «በሦስት ወገን በውኃ የተከበበ መሬት» የሚለውን ፍቺ በቃላቸው ይወጡታል፤ ካርታ ፊት ሲቆሙ ግን ብዙዎቹ ከባሕረ ሰላጤ፣ ማለትም ወደ የብስ ገባ ካለ የባሕር ክፍል፣ ጋር ያምታቱታል። አይፈረድባቸውም፤ «የኮሪያ ባሕረ ሰላጤ» እያለ የብሱን በውኃው ስም የሚጠራ ዜና ስንቴ ሰምተናል።

ከዓለም ልሳነ ምድሮች ሁሉ ትልቁ የዓረብ ልሳነ ምድር ነው፤ የአፈጣጠሩ ታሪክ ደግሞ ከደጃችን ይጀምራል። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጣርማ በር ቆሞ፣ በደብረ ሲና በኩል ወደ አፋር ቆላ ቁልቁል ለተመለከተ ሰው፣ ያ ገደል ምድር የተቀደደችበት ጠርዝ ነው። 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በእኛም በየመንም ደጋ ተነባብሮ መገኘቱ፣ ሁለቱ በአንድ ወቅት የተያያዙ እንደነበሩ ያስረዳል። ኋላ ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ እየተከፈቱ ዓረብን ከአፍሪካ ለዩ፤ ዛሬ ቀይ ባሕር ከኤደን ባሕረ ሰላጤ በሚገናኝበት ጠባብ መተላለፊያ በባብ ኤል መንደብ ዳርና ዳሩን የሚለያየው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሐበሻ ጥድ በየመን ተራሮችም ይበቅላል፤ ወንዱ ግራጫ ጎፈር ያለው የቆላ ዝንጀሮም ከባሕሩ ማዶ አለ። ጭላዳ ግን የእኛ ብቻ ነው።

ባሕሩም ቢሆን የሚመስለንን ያህል አልራቀንም። ከአንኮበር ሥር ባለችው በአልዩ አምባ ገበያ ይራገፍ የነበረው ጨው፣ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ካለው ከጅቡቲው አሳል ሐይቅ በግመል ይመጣ ነበር፤ ሐይቁን የሚመግበው ደግሞ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ በድንጋይ ስንጥቅ ሾልኮ የሚገባ የባሕር ውኃ ነው። የአያቶቻችን ወጥ በባሕር ጨው ይጣፍጥ ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ስለዚህ ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በጣርማ በር፣ በአፋርና በባብ ኤል መንደብ አልፎ የየመን ደጋ የሚደርስ አንድ የመሬት ገጽ ንድፍ በመምህሩ መምሪያ እንዲካተት፣ ለአካባቢው ትምህርት ቤቶችም በዓመት አንድ የመስክ ትምህርት ቀን እንዲመደብ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ቀኑ ማለዳ ቢሆን ይመረጣል፤ ጉም ቆላውን ሲሞላው ከአፋፉ ወጣ ያሉት ሸንተረሮች በሦስት ወገን ተከበው ስለሚታዩ፣ ፍቺውን ማብራራት አያስፈልግም። ገደሉ አደገኛ በመሆኑ ግን ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት መምህራን እንዲመደቡ መመሪያው በግልጽ ቢያዝ መልካም ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የሰሜን ሸዋ የጂኦግራፊ መምህር