እማዬ፣ ማንደጃውን ከመኝታ ክፍል አውጪልኝ

ኤልቨሩም፣ ኖርዌይ
ጥር 12 ቀን

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽ? እኔም ባለቤቴም ልጆቹም ካንቺ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነን። ጥምቀት እንዴት ነበር? ታቦቱን ሸኝታችሁ በሰላም ገባችሁ? እኛ ትናንት ምድጃ ዳር ቡና አፍልተን ዋልን። ልጆቹ ነጠላ ለብሰው የጃንሜዳውን በስልክ ሲያዩ ነበር። ውጪው ከዜሮ በታች 22 ዲግሪ ነው። ፀሐይ ረፋድ ሦስት ሰዓት ላይ ትወጣና አሥር ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች።

ባለፈው እሁድ በስልክ ስናወራ ወንድሜ ከኋላሽ ሆኖ አንድ ነገር ተናገረ። «እማዬ ማታ ማታ ከሰሉን መኝታ ክፍል አስገብታ በር ዘግታ ትተኛለች» አለ። አንቺ «ጭሱ ካለቀ በኋላ ነው፣ ምንም አይል» ብለሽ ወሬውን ቀየርሽው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። በስልክ ብነግርሽ መስመሩ ይቆራረጣል፣ አንቺም አታስጨርሺኝም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። ለወንድሜ በቴሌግራም እልክለታለሁ። ቀስ ብሎ ያንብብልሽ።

ስለ እሳት ለአንቺ መናገር ይከብደኛል። እሳት ማያያዝ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ግን እዚህ አገር በሦስት ክረምት ያየሁት ነገር አለ። እሱን ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

እዚህ ቤት የሚሞቀው በአብዛኛው በኤሌክትሪክ ነው። መብራቱ ከውኃ ኃይል ስለሚመጣ ለረጅም ጊዜ ርካሽ ነበር። በፈረንጆቹ 2021 እና 2022 ግን በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል ዋጋው ሰማይ ነካ። ያኔ ብዙ ሰው ፊቱን ወደ ማገዶ አዞረ። ማገዶ ደግሞ እዚህ የተከበረ ነገር ነው። ዮቱል የሚባለው ፋብሪካ ከፈረንጆቹ 1853 ጀምሮ የብረት ምድጃ ይሠራል። በፈረንጆቹ 2013 የካቲት ላይ የአገሩ የሕዝብ ቴሌቪዥን ስለ ማገዶ ብቻ 12 ሰዓት ሙሉ አስተላልፏል። ከዚያ ውስጥ 8 ሰዓቱ ምድጃ ውስጥ የሚነድ እሳት ብቻ ነበር። ሰዉ ቁጭ ብሎ አየው። ፍልጥ ሲከመር ቅርፊቱ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች በሚል ተመልካቹ ለሁለት ተከፍሎ ተከራከረ። ይህን ስሰማ ያንቺ የፍልጥ ክምር ትዝ አለኝ። ማንም እንዲነካብሽ አትፈልጊም ነበር።

ይህቺን የእንጨት ቤት ስንገዛ ውስጧ አሮጌ ምድጃ ነበር። የመጀመሪያው ክረምት መከራ ሆነብን። የምድጃው መስታወት በአንድ ምሽት ይጠቁራል። ፍልጡ እሳት ውስጥ ሆኖ ሽሽሽ ይላል፣ ጫፉ አረፋ ይደፍቃል። ቤቱ አይሞቅም። ጥፋቱ የምድጃው ነው ብለን አዲስ ገዛን። እዚህ ከፈረንጆቹ 1998 ጀምሮ አዲስ የሚተከል ምድጃ ጭሱን እዚያው መልሶ የሚያቃጥል እንዲሆን ሕጉ ያስገድዳል። ደህና ገንዘብ አወጣንበት። እሱም እንደ አሮጌው ጨሰ። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የምትይው ያኔ ገባኝ። ችግሩ ማገዶው ነበር።

ያስረዱኝ ማዶ ያሉት ጎረቤታችን ናቸው። 80 ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው። ከጣራችን የሚወጣውን ጥቁር ጭስ አይተው መጡ። ምንም ሳይሉ ከእኛ ክምር ሁለት ፍልጥ አንስተው አጋጩ። ዱብ አለ። ከራሳቸው ቤት ሁለት አምጥተው አጋጩ። እንደ ጠርሙስ ጠርቶ ጮኸ። ቀጥለው የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠየቁኝ። የራሳቸውን ፍልጥ አንዱን ጫፍ ሳሙና ቀቡና በሌላው ጫፍ አፋቸውን ገጥመው ነፉ። በሳሙናው በኩል ደቃቅ አረፋ ብቅ ብቅ አለ። የእኛን ሲነፉት ምንም የለም። ለካስ እንጨት ውስጡ ቀጫጭን ቧንቧ ነው። ሲደርቅ ትንፋሽ ያሳልፋል። እርጥብ ሲሆን በውኃ ይደፈናል።

አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው። 10 ኪሎ እርጥብ ማገዶ ስታነጂ 5 ሊትር ገደማ ውኃ እየተነነ ነው ማለት ነው። እሳቱ መጀመሪያ በዚያ ይደክማል፣ ቤቱን የሚያሞቀው በተረፈው ነው። ደረቅ የሚባለው ውኃው ከ20 በመቶ በታች ሲወርድ ነው። ከደረቅ ጋር እርጥብ ይነዳል ይባላል። አዎ ይነዳል፣ የደረቁን ሙቀት እየበላ።

እዚህ የሚወደደው ማገዶ ብየርክ የሚሉት ባለ ነጭ ቅርፊት ዛፍ ነው። ቅርፊቱ እንደ ብራና ይላጣል። ዘይትነት ስላለው እሳት ለማያያዝ ከጋዜጣ ይበልጣል። ዛፉን በብርዱ ወራት ይቆርጡታል፣ እርጥብ ሳለ ይፈልጡታል፣ ጎረቤታችን ደግሞ ከፋሲካ በፊት ከምረው ይጨርሳሉ። ክምሩን ከመሬት ከፍ ያደርጉታል። አናቱን ይሸፍኑታል፣ ጎኑን ግን ለነፋስ ይተዉታል። እኛ መጀመሪያ ክምራችንን ዙሪያውን በላስቲክ ጠቅልለነው ነበር። ሻገተ።

አለኳኮሱን እንደ አዲስ ነው የተማርኩት። አንቺ ጭራሮውን ከሥር አድርገሽ እፍ ትይዋለሽ። እዚህ እሳት የሚለኮሰው ከላይ ነው። ሁለት ወፍራም ፍልጥ ከሥር አጋድማለሁ። በላዩ ቀጫጭን ስንጥር አነባብራለሁ። አናቱ ላይ ቅርፊት አደርግና እለኩሳለሁ። የአየር መግቢያውን እስከ መጨረሻው እከፍተዋለሁ። እሳቱ እንደ ሻማ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። የሥረኛው እንጨት ሲሞቅ የሚያወጣው ጭስ በላዩ ባለው ነበልባል ውስጥ ማለፍ ግዴታው ነው። እዚያው ይቃጠላል። በደንብ ከተያያዘ በኋላ አየሩን ቀነስ አደርጋለሁ። ስጨምር ሁልጊዜ ሁለትና ሦስት ነው። አንድ እንጨት አይነድም፣ አንድ ሰው አይፈርድም ትይ የለ? እዚህም እውነት ነው። ፍልጦቹ ፊት ለፊት ሆነው ነው የሚሟሟቁት።

እማዬ፣ እኔን በጣም ያስገረመኝ የጭስ ነገር ነው። ጭስ ማለት ሳይነድ ያመለጠ ማገዶ ነው። እንጨት ውስጥ ካለው ሙቀት ከግማሽ በላዩ የሚገኘው ሲሞቅ ከሚወጣው ጋዝ ነው። አዲሱ ምድጃ የሞቀ አየር በትንንሽ ቀዳዳዎች ከላይ ያስገባል። ውስጡ ወደ 600 ዲግሪ ሲደርስ ያ ጋዝ ይያያዛል። ነበልባሉ እንጨቱን ሳይነካ አየር ላይ ሲወዛወዝ ይታያል። ልጆቹ መብራት አጥፍተው ነው የሚያዩት። በዚያ ሰዓት ወጥቼ ጣራውን ሳይ ጭስ የለም። ሙቀቱ ብቻ ሲርገበገብ ይታየኛል።

ያን ቀን ማዕድ ቤታችን ትዝ አለኝ። ጣራው ላይ የተንጠለጠለው ጥቀርሻ። ዓይንሽን በቀሚስሽ ጫፍ እየጠረግሽ እንጀራ የምትጋግሪበት ያ ጭስ። ያ ሁሉ ሙቀት ነበር። ገዝተሽው፣ በጀርባሽ ተሸክመሽ አምጥተሽው በዓይንሽና በሳንባሽ በኩል ያለፈ ሙቀት። ውጪ በረዶው ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

መጀመሪያ አካባቢ እሳቱ ሌሊቱን እንዲያነጋልኝ እያልኩ ምድጃውን በወፍራም እንጨት ሞልቼ አየሩን ዘግቼ እተኛ ነበር። አንቺ ረመጡን በአመድ ዳፍነሽ እንደምታሳድሪው መስሎኝ ነው። እዚህ ጭስ ማውጫ የሚጠርገው የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ነው፣ ፈየር ይሉታል። ጣራ ላይ ወጥቶ ብሩሹን አወረደ። ከዚያ አንድ እፍኝ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ነገር ይዞ መጣ። እንደ ደረቀ ቅጥራን ነው። «ይሄ ጭስሽ ነው» አለኝ። ታፍኖ የሚነድ እሳት ጭሱ ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲያገኝ ይጋገራል። አንድ ቀን ብልጭታ ካገኘው ጭስ ማውጫው ራሱ ይነዳል። ቤታችን ደግሞ እንጨት ነው። ልጆቹ የሚተኙት ፎቅ ላይ ነው። እጄ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ወዲህ በትንሽ በትንሹ፣ ግን ቦግ አድርጌ ነው የማነደው። ማታ ይጠፋል። ጠዋት ፍም ካገኘሁ እሰየው።

ሰውዬው ከመሄዱ በፊት «የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ አላችሁ ወይ?» አለኝ። ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። አስረዳኝ። አየር አጥቶ የሚነድ እሳት ሁሉ አንድ የሚገድል አየር ያወጣል። አይታይም፣ አይሸትም፣ አያስልም። ቀልቶ ያለ ጭስ የሚነደው ከሰልም ያወጣዋል። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። መጀመሪያ ራስ ይፈልጣል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ጉልበት ይከዳል። የነቃ ሰው ቶሎ ካወቀው ተነስቶ ሊወጣ ይችላል። የተኛ ሰው ግን አያውቀውም። እንደተኛ ይቀራል።

ትናንት ቡና ስቆላ የወጥ ቤቱን አየር ሳቢ አበራሁት። ቤቱ ድፍን ነው፣ ሳቢው አየር የሚያገኝበት ሲያጣ በጭስ ማውጫው በኩል ጎተተ። ምድጃው ጭሱን ወደ ሳሎን ተፋው። ሳቢውን አጥፍቼ መስኮት ከፈትኩ። እሱ የሚሸት ጭስ ስለሆነ አወቅሁት። ያንቺ ከሰል ግን አይሸትም፣ እማዬ።

ባለፈው ወር «ጠዋት ጠዋት ራሴን ያዞረኛል፣ ግፊት ይሆን?» ያልሽኝ ትዝ ይልሻል? እኔም መድኃኒትሽን በሰዓቱ ውሰጂ አልኩሽ። አሁን ግን ከሰሉ ነው ብዬ እፈራለሁ። ጤና ጣቢያ ሂጂ፣ ስትሄጂ ስለ ማንደጃውም ንገሪያቸው። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ደግሞ ማንደጃው ውጪ ይደር። በር ገርበብ ማድረግም አይበቃም። የደብረ ብርሃንን ውርጭ አውቀዋለሁ፣ በሱ ነው ያደግኩት። ብርዱን ቻይው አልልሽም። ለፋሲካ ከሚመጣ ሰው ጋር ሁለት ነገር እልካለሁ። አንዱ የሙቅ ውኃ የጎማ ከረጢት ነው። ውኃ አፍልተሽ ትንሽ ሲበርድ ሞልተሽ፣ በጨርቅ ጠቅልለሽ እግርሽ ሥር አድርጊው። እስኪደርስ ድረስ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ወንድሜ ይግዛልሽ። ሁለተኛው ማንቂያው ነው። በባትሪ ይሠራል። ወንድሜ መኝታ ክፍልሽ ውስጥ ይስቀለው። ከጮኸ ምክንያቱን አትፈልጊ፣ በር ከፍተሽ ውጪ ብቻ።

የላክሁት ገንዘብ ለእንጀራ ምድጃው ነው። በሲሚንቶ የሚሠራው፣ ምጣዱን ዙሪያውን የሚከልለው፣ ምርጥ የሚባለው። እሳቱን ስለሚሰበስብ እስከ ግማሽ ማገዶ ይቆጥባል ይባላል። ከተረፈ ወንድሜ ለማዕድ ቤቱ ጣራ የጭስ መውጫ ያሠራበት። የጓሮው ባህር ዛፍም አሁን በጋው ሳለ ይቆረጥ። እርጥብ ሳለ ይፈለጥ፣ ከደረቀ በኋላ መጥረቢያ ይመልሳል። ከድንጋይ ላይ ከፍ ብሎ ይከመር፣ ሰኔ ሳይገባ ጣራ ሥር ይግባ።

አመዱንም ስትጥሉ ተጠንቀቁ፣ ፍም ውስጡ ለቀናት ይደበቃል። እኔ ክዳን ባለው የብረት ባልዲ ነው የማወጣው። ለመስታወቱ ግን አመድ ከሳሙና ይሻላል፣ እርጥብ ጋዜጣ በአመድ ነክሬ ስጠርገው ይጠራል። ልጅ ሆኜ ድስት በአመድ ስታፈትጊ ያየሁት ነው።

እትዬን፣ የአክስቴን ልጆች፣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ሳሚልኝ። እነሱም ከሰል ይዘው እንዳይተኙ ንገሪያቸው።

ዛሬ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ወንድሜ ስልኩን ይዞ ውጪ ይውጣና ማንደጃው የት እንዳለ በቪዲዮ ያሳየኝ።

የምትወድሽና የምትናፍቅሽ
ልጅሽ