የወንድሜ የመሬት ደብተር ባንክ ቤት ለምን ዋጋ አጣ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ግብርና የምታወጡትን አንብቤ አላልፍም። አብዛኛው ስለ ምርት ነው። ስንት ሔክታር ታረሰ፣ ስንት ኩንታል ተገኘ። በየካቲት 2015 ስንዴ ወደ ውጭ መላክ መጀመሩ ሲነገር እኔም ከልቤ ተደስቻለሁ። ያደግኩት አርሲ፣ ኢተያ አካባቢ ነው። ተምሬ ለሥራ የበቃሁትም አባቴ በሸጠው ስንዴ ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ብዙም ስለማይጻፍበት ነገር ነው። ገበሬው ዘርና ማዳበሪያ የሚገዛበት ገንዘብ ከየት ይመጣል?

ወንድሜ ሁለት ሔክታር የማትሞላ መሬት ያርሳል። ስንዴና የቢራ ገብስ እያፈራረቀ ይዘራል። ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ የይዞታ ደብተሩን ይዞ ወደ አንድ ባንክ ቅርንጫፍ ሄደ። የእሱም የሚስቱም ስም የሰፈረበት፣ ካርታ ያለው ደብተር ነው። የብድር ሠራተኛው ትሑት ልጅ ነበር አለኝ። ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አድርጎ መለሰለትና «ጋሼ፣ ከተማ ውስጥ ቤት አለዎት?» ብሎ ጠየቀው። የለውም። ነገሩ እዚያው አለቀ።

ቀጥሎ የሆነውን ብዙ የአርሲ ገበሬ ያውቀዋል። እህል ነጋዴ ዘንድ ሄደ። ነጋዴው ገንዘቡን ወዲያው ቆጥሮ ሰጠው። የስንዴው ዋጋ ግን ገና ሳይዘራ፣ በግንቦት ተቆረጠ። ታኅሣሥ ላይ ማጨጃው ኮምባይነር ከማሳው ሳይወጣ የነጋዴው መኪና መጥቶ ቆመ። የዚያን ሰሞን ገበያው ከተቆረጠው ዋጋ በላይ ነበር። ወንድሜ እያየ ጫነለት። ነጋዴውን አልወቅስም። ማንም ያልሰጠውን ገንዘብ ሰጥቶታል፤ ዝናብ ቢጠፋ አብሮ ይከስር ነበር። የሚያመኝ ዓመቱን ሙሉ የለፋው ሰው በገዛ ምርቱ ዋጋ ላይ አንድ ቃል መናገር አለመቻሉ ነው።

ደግሞ ሕጉ የለም እንዳልል ሕጉ አለ። በ2011 የወጣው አዋጅ 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረት አስይዞ መበደርን ፈቅዷል። በሬም፣ እህልም፣ ማሽንም ማለት ነው። መያዣዎቹ የሚመዘገቡበት ሥርዓትም ብሔራዊ ባንክ ውስጥ ተቋቁሟል። በ2016 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ 1324 ደግሞ ገበሬው የመሬት መጠቀሚያ መብቱን ለአበዳሪ ተቋም እንዲያስይዝ ፈቅዷል። መሬት በሕገ መንግሥቱ አይሸጥም አይለወጥም። የሚያዘው የመጠቀም መብቱ ብቻ ስለሆነ ገበሬው በአንድ ክፉ ዓመት ከርስቱ ይነቀላል የሚለው ፍርሃትም በሕጉ ታስቦበታል። እንግዲህ ወንድሜ ሕግ የሰጠውን ነው የጠየቀው። አዋጁ ከአዲስ አበባ ተነስቶ እዚያች ጠረጴዛ ላይ አልደረሰም።

ባንኮችም ስጋት አለባቸው፣ ይገባኛል። በሬ ይሞታል፣ ዋግ የሚባለው በሽታ ስንዴውን ይመታል፣ የሰብል መድን የሚገዛ ገበሬ ጥቂት ነው። ደግሞ የሁለት ሔክታር የመጠቀም መብት ስንት ብር ነው ብሎ የሚገምት ሰው ቅርንጫፉ ውስጥ ላይኖር ይችላል። ይህ ግን ሊሠለጥኑበት የሚችሉት ሥራ ነው። የከተማ ቤት መገመትንም የሆነ ቀን ተምረውታል።

ብድር ቢገኝ እንኳ ሌላ ጣጣ አለ። አከፋፈሉ ለደመወዝተኛ የተሰፋ ነው። በየወሩ ክፈል ይሉሃል። ሰኔ ላይ የዘራ ሰው ሐምሌ ላይ ምን ሽጦ ይክፈል? ነሐሴስ? አርሲ ውስጥ ክረምት ላይ ጎተራው ባዶ ነው፣ እናቶች የቀረችውን እህል እየለኩ ነው የሚያበሉን። ገንዘብ ወደ ቤት የሚገባው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። በቡድን ዋስትና የሚገኘው አነስተኛ ብድር ለዶሮና ለበግ ያግዛል፣ ለሁለት ሔክታር ማዳበሪያና ለኮምባይነር ኪራይ ግን አይበቃም። ማዳበሪያው ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የገበሬው ጭንቀት እጥፍ ሆኗል።

አንድ ሌላ ሕግም አለ፣ እንዲያውም ከሁሉም የቆየው። የመጋዘን ደረሰኝ አዋጅ ቁጥር 372 የወጣው በ1996 ነው። እህልህን መጋዘን አስገባ፣ ደረሰኝ ያዝ፣ በደረሰኙ ተበደር፣ ዋጋው ሲሻሻል ሽጥ። ሐሳቡ ይህ ነው። ወንድሜ ታኅሣሥ ላይ እንዲህ ያለ መጋዘን በአቅራቢያው ቢያገኝና ደረሰኙን የሚቀበል ባንክ ቢኖረው ኖሮ፣ ቢያንስ የግማሹን ዋጋ እስከ ሚያዝያ ድረስ ይጠብቅ ነበር። ከ20 ዓመት በላይ ያስቆጠረ አዋጅ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ስሙን የሰማ ሰው አላገኘሁም።

ስለዚህ ከእናንተ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ጋዜጠኛ ላኩ። አርሲም ይሁን ባሌ ወይም ጎጃም፣ መንገዱ ባስቻላችሁ ቦታ ሁሉ ቅርንጫፎች ገብታችሁ ጠይቁ። በመሬት መጠቀሚያ መብት ዘንድሮ ለስንት ገበሬ አበደራችሁ? በከብትስ? በመጋዘን ደረሰኝስ? ክፍያውን እስከ ጥር ትጠብቃላችሁ? መልሱን በቅርንጫፍ በቅርንጫፍ አትሙልን። ብሔራዊ ባንክም እነዚህን ቁጥሮች በየዓመቱ ይፋ ቢያደርግ ማን ሕጉን እየሠራበት እንደሆነ፣ ማን ሸልፍ ላይ እንዳስቀመጠው እናያለን።

ወንድሜ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጦታል። ግንቦት ሲመጣ እንደገና ይዞት ይሄዳል። የአዋጅ 1324ን ቅጂ አሳትሜ ልኬለታለሁ፤ የሚመለከተውን አንቀጽ በእስክሪብቶ አስምሬበታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የገበሬ ልጅ፣ ከአዳማ