የቲያትር ክበባችን ዘንድሮ፦ የቤናሬ አሥር ሰከንድ

ክበባችን ዘንድሮ አንድ ተውኔት ይዞ ከረመ። በህንዱ ማራቲኛ ቋንቋ የሚጽፈው ቪጃይ ቴንዱልካር እ.ኤ.አ. በ1963 የጻፈው «ጸጥታ! ችሎት ተሰይሟል» ነው። አማርኛውን ከእንግሊዝኛው ትርጉም ራሳችን ሠራነው። ልጆቹ ህንድን የሚያውቋት በፊልም ስለሆነ ዘፈንና ጭፈራ ጠብቀው ነበር። ያገኙት ግን አንዲት መምህርት ናት።

ሊላ ቤናሬ ከአማተር ተዋንያን ጋር ወደ አንድ መንደር ትሄዳለች። የማታው ትርኢት እስኪደርስ ለጨዋታ ያህል ችሎት ይሰይማሉ። ተከሳሽ እሷ፣ ክሱ ሕፃን መግደል። ጨዋታው ሳይታወቅ እውነት ይሆናል። ሳታገባ ማርገዟ ይወጣል። ያስረገዛት ፕሮፌሰር ዳምሌ ባለትዳር ነው። እሱ መድረኩን አይረግጥም። ስሙ ይነሳል እንጂ የሚጠየቅበት ነገር የለም።

ተውኔቱ ሲጀምር የቤናሬ ጣት በበር መቀርቀሪያ ይያዛል። እሷን ሆና የተወነችው ተማሪ ያቺን ጣት እስከ መጨረሻው ጨብጣ ቆየች። እኔ አልነገርኳትም።

ብዙ ያከራከረችን ወይዘሮ ካሺካር ናት። ባሏ ዳኛው በሰው ፊት ያሸማቅቃታል፤ እሷ ደግሞ ቤናሬ ላይ ትበረታለች። «ቲቸር፣ ሴት ሆና እንዴት?» አለች አንዷ። ሌላዋ ቀበል አድርጋ «ዝም ካለች ነገ ተራው የእሷ ነዋ!» አለቻት። ከዓመቱ ውይይታችን ሁሉ እኔ የማልረሳው ይህን ነው።

ፍርዱ ሊሰጥ ሲል ዳኛው ለቤናሬ አሥር ሰከንድ ይፈቅድላታል። ሌሎቹ ባሉበት ደርቀው ይቀራሉ፤ እሷ የልቧን ሁሉ ታወጣለች። ስትጨርስ ምንም እንዳልተናገረች ሆኖ ችሎቱ ይቀጥላል። ደርቆ መቆሙ ለልጆቹ ከንግግሩ በላይ ከበዳቸው። ጠበቃውን የሚጫወተው ልጅ አንድ ቀን ልምምዱን አቋርጦ «ቲቸር፣ እየሰማኋት እንዳልሰማ መሆን አቃተኝ» አለኝ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርነው። በትርኢቱም ዕለት እንደዚያው ቆመ። ከማስተማር ሥራዋ መባረሯ ሲነገር ደግሞ እኔው ራሴ ከመጋረጃው ጀርባ ዕንባዬ መጣ።

ለመጪው ዓመት ልጆቹ የዚሁኑ ጸሐፊ «ካማላ» መርጠዋል። እ.ኤ.አ. የ1981 ሥራ ነው። አንድ ጋዜጠኛ ሴት በገንዘብ እንደምትሸጥ ለማጋለጥ ካማላን በ250 ሩፒ ገዝቶ ቤቱ ያመጣታል። እሷም ሚስቱን «አንቺንስ በስንት ገዛሽ?» ትላታለች። ትርጉሙን በክረምት እንጀምራለን። እጃችሁን የምታውሱን ካላችሁ የክበቡ በር ክፍት ነው።